በዶሃ አውሮፕላን ማረፊያ የሴቶች ማረፊያ ክፍልና አንድ ጋቢ

ገንዘብ ስለማይከፈልበት አንድ ክፍል ልጽፍ ነው። ክፍሉ ያለው ዶሃ፣ ሐማድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ፣ ከአንድ አውሮፕላን ወርደው ሌላ የሚጠብቁ መንገደኞች በሚቆዩበት አዳራሽ ነው። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው፤ እግር ተዘርግቶ የሚጋደሙባቸው ረጃጅም ወንበሮች ተደርድረውበታል፤ ወንድ አይገባበትም። የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ማታ ገብቼ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ለእህቶቼ፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፣ ለጎረቤቶቼ ሁሉ ነገርኳቸው። ክፍሉ መኖሩን የሚያውቅ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። በዚያ አዳራሽ አልፈው ቤሩት፣ ኩዌት፣ ደማም፣ ዋሽንግተን የተመላለሱ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ነው ያነጉት። ስለዚህ በአማርኛ፣ ረዘም አድርጌ ልጽፈው ወሰንኩ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ይዤ ስሪ ላንካ ሄጄ ነበር፤ ብቻዬን፣ ለአሥራ ሁለት ቀን። ከካንዲ ወደ ኤላ የሚሄደውን ባቡር በቴሌቪዥን ካየሁት ጀምሮ መሳፈር እመኝ ነበር። የሻይ ተክል በለበሱ ተራሮች ጎን ስድስት ሰባት ሰዓት ያህል እየተጠማዘዘ የሚጓዝ ባቡር ነው። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ነፋሱን ስቀበል የወሩ መጨረሻ ሒሳብ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

የመልሱ ጉዞ ከኮሎምቦ ዶሃ፣ ከዶሃ አዲስ አበባ ነበር። ዶሃ የደረስኩት ማታ 4 ሰዓት ከ40 ላይ ሲሆን ቀጣዩ በረራ ጠዋት 2 ሰዓት ከ10 ላይ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ትኬቱን በሸጠልኝ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው «ሌሊቱ ረጅም ስለሆነ ሆቴል ይሰጥሻል፤ አታስቢ» ብሎኝ ነበር። አላሰብኩም። ዶሃ ላይ የሽግግር መንገደኞች መስኮት ጋ ሄጄ ስጠይቅ ልጅቷ ትኬቴን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ የገዛሁት የትኬት ዓይነት ሆቴል እንደማያካትት በትሕትና ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሆቴል የሚል ቃል የለም። የዋሸኝ የሸጠልኝ ሰው ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። እኔ ቋንቋም የባንክ ካርድም ይዤ መላ መፈለግ የምችል ሰው ነኝ። ያው ቃል ለስንት እናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ለምትወጣ ለስንት ልጅ ተነግሮ ይሆን? ሆቴል ትኬቱ ላይ በጽሑፍ ካልሰፈረ የለም ብላችሁ ውሰዱት። ወደ ከተማው ወጥቶ ርካሽ አልጋ መፈለግም አይቻልም፤ የእኛን ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ከሌለው ከአውሮፕላን ማረፊያው አይወጣም።

ሐማድ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ የጀመረው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2014 ነው። ስካይትራክስ የተባለው የአውሮፕላን ማረፊያዎች መዛኝ ድርጅት በ2021፣ በ2022 እና በ2024 ከዓለም አንደኛ አድርጎታል። አዳራሹ መሐል ሰባት ሜትር ቁመት ያለው፣ ከኋላው የጠረጴዛ መብራት የወጣለት ቢጫ ድብ ተቀምጧል። የስዊዘርላንዳዊው ሠዓሊ የኡርስ ፊሸር ሥራ ነው። ከሩቅ ሲያዩት በጨርቅ የተሰፋ የልጅ መጫወቻ ይመስላል፤ ሲጠጉት ነሐስ ነው። እኔን የጠቀመኝ ያለበት ቦታ ነው። አዳራሹ ሰፊ ስለሆነ ሰው በቀላሉ ይጠፋፋል፤ ከድቡ ከተነሡ ግን መንገዱ ሁሉ ይያዛል። «ቢጫው ድብ የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የማያሳያችሁ ሠራተኛ የለም።

የሚከፈልባቸውን ማረፊያዎች መጀመሪያ ጠየቅሁ። ከመሸጋገሪያው አዳራሽ ሳይወጡ የሚያድሩበት ኦሪክስ የሚባል ሆቴል አለ፤ የሃያ አምስት ሜትር የመዋኛ ገንዳ ሳይቀር አለው። በሰዓት የሚከራዩ ጠባብ መኝታዎች ያሉት «ስሊፕ ኤንድ ፍላይ» የሚባል ቦታም አለ። ገንዘቡ ላለው ሰው፣ በተለይ ወገቡን ለሚያመው፣ ይህንን እመክራለሁ፤ አልጋን የሚተካ ወንበር የለም። ዋጋው በኳታር ሪያል ሲነገር ግራ እንዳያጋባችሁ፣ አንድ ዶላር 3.64 ሪያል ነው፤ ምንዛሪው የተቆረጠ ስለሆነ ከቀን ቀን አይለዋወጥም። እኔ ወደ ብር መልሼ ሳሰላው የደመወዜን ግማሽ ሊወስድ ሆነ። አመስግኜ ወጣሁ።

አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሳድር የመጀመሪያዬ አልነበረም። ከዓመታት በፊት አውሮፓ ውስጥ በአንዱ አድሬያለሁ፤ ስሙን አልጠራም። ወንበሮቹ ሁሉ በመካከላቸው የብረት ክንድ ስላላቸው መጋደም አይቻልም። ወለሉ ድንጋይ ነው። ጥበቃዎቹ በየሰዓቱ እየመጡ ትኬት ይጠይቃሉ። ቦርሳዬን ታቅፌ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ግድግዳ ተደግፌ አነጋሁ። ድካሙ በማግስቱ ወጣልኝ። ሰዎች አጠገቤ ሲያልፉ ያዩኝ የነበረው አስተያየት ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ሴት ልጅ ብቻዋን ወለል ላይ ተጠቅልላ ሲያዩ ምን እንደሚያስቡ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ከዚያ ወዲህ ያለ ጋቢ ከአገር ወጥቼ አላውቅም።

ስለ ጋቢውም ልናገር፤ ምስጋናው ከክፍሉ እኩል ይገባዋል። ከሽሮ ሜዳ የተገዛ፣ በእጅ የተፈተለ፣ ዘጠኝ ዓመት የታጠበ ጋቢ ነው። አዲስ ጋቢ ለመንገድ አይሆንም፤ ይከብዳል፣ ድሩም ገና ደረቅ ነው። ታጥቦ ታጥቦ ሲለሰልስ ግን ገላ ላይ ይተኛል። አራት ድርብ ስለሆነ ግማሹን አንጥፈው በግማሹ ቢሸፈኑ እንኳ ብርድ አያሳልፍም። ራስ ላይ ሲከናነቡት ብርሃን ይከለክላል፤ ትንፋሽ ግን አያፍንም። ቀን ቀን ተጠቅልሎ ትራስ ይሆናል። ዶሃ ውጪው በረሃ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ የትም አገር ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ማቀዝቀዣ የሚነፍስበት ቤት ነው። ጋቢውን ወይም ሌላ የሚለበስ ነገር በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። ሻንጣው ከተነሣችሁበት አገር በቀጥታ አዲስ አበባ ስለሚላክ ዶሃ ላይ አታገኙትም። የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እንዲሁ መድኃኒቱን ከእጁ አይለይ።

ክፍሉን ያሳየችኝ አንዲት ኬንያዊት የጽዳት ሠራተኛ ናት። የት ብተኛ እንደሚሻል ስጠይቃት መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እስከ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ምልክቱ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛው «ኳየት ሩም» (Quiet Room፣ ጸጥ ያለ ክፍል) ተብሎ ይነበባል። ይህን ቃል በቃላችሁ ያዙት፤ እንግሊዝኛ ለማታነብ እናት ደግሞ በወረቀት ጻፉላትና ለሠራተኛ ታሳይ። ለወንዶች ለብቻ፣ ለሴቶች ለብቻ ነው፤ ልጅ ለያዘ ቤተሰብም የተለየ አለ። ከአንድ በላይ ቦታ ስላለ አንዱ ቢሞላ ሌላውን መሞከር ይቻላል። ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም፤ ቀድሞ የመጣ ይጋደማል። እኔ የደረስኩት ማታ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ሦስት ባዶ ወንበሮች ነበሩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን አንድም አልነበረም፤ ስለዚህ ሱቅ ሱቁን መዞር ለጠዋት ይቆይ።

በሩ ሲዘጋ የአዳራሹ ግርግር ከኋላ ይቀራል። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ጠበቅሁ። ጥቁር ዓባያ የለበሱ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። አንዲት ተማሪ የምትመስል ልጅ መጽሐፍ ደረቷ ላይ እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷታል። ጥግ ላይ አንዲት ፊሊፒናዊት ሻንጣዋን በሻርፕ ከእግሯ ጋር አስራ ታንኮራፋለች። ከየወንበሩ ሥር ጫማ ተደርድሯል፤ የስፖርት ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ ተረከዘ ረጅም። ያን ጊዜ ነው ልቤ የረጋው። አውሮፓ ያደርኩ ሌሊት ጫማዬን ለማውለቅ ደፍሬ አላውቅም ነበር። አወለቅሁ። ወንበሩ ጀርባን የሚያስተኛ፣ እግርን ከፍ የሚያደርግ ነው፤ በጎን ለመተኛት አይመችም፣ በጀርባ ለሚተኛ ግን በቂ ነው። የቦርሳዬን ማንገቻ ክንዴ ላይ ጠምጥሜ፣ ጋቢዬን እስከ ግንባሬ ስቤ፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት ሌሊት 6 ሰዓት ከ50 ላይ ነው። ጋቢዬን ወንበሩ ላይ ትቼ የውሃ ጠርሙሴን ልሞላ ወጣሁ። በነፃ የሚጠጣ ውሃ አለ፤ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ ፍተሻውን ስታልፉ ጠርሙሱን ባዶ አድርጋችሁ ያዙት እንጂ አትጣሉት። ስመለስ ነው ነጠላ ያየሁት።

በዚያ ሁሉ መስታወትና የሽቶ ሱቅ መካከል ነጠላ ከሩቅ ይጣራል። እናት ናቸው፤ ስድሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ጀርባቸው የወንበሩን መደገፊያ አልነካም። እግራቸው አብጦ ሥጋው በጫማው ጠርዝ ላይ ወጥቷል። ዓይናቸውን ከበረራ ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ አያነሡም፤ ሰሌዳው ግን የሚያሳየው በማያነቡት ፊደል ነው። አንጀቴን በሉት።

«እንደምን አመሹ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! የእግዚአብሔር ያለሽ!» አሉና እጄን ያዙ፤ አልለቀቁትም።

ከዋሽንግተን ነው የመጡት። ልጃቸው ወልዳ አራሷን ሲንከባከቡ አምስት ወር ቆይተው ወደ አገራቸው መመለሳቸው ነው። ማታ ገብተው ከዚያ ወንበር አልተነሡም፤ ወደ መጸዳጃ ቤት እንኳ አልሄዱም።

«ለምን ትንሽ ጋደም አላሉም?»

«እንዴት ብዬ? ስምንት ሰዓት ከዐሥር ይላል እኮ። አሁን ሰባት ሰዓት ሆነ አይደል? አንድ ሰዓት ቀረው። ዓይኔን ብከድን ትቶኝ ይሄዳል።»

መሳፈሪያ ወረቀታቸውን ከቦርሳቸው አወጡና አሳዩኝ። አራት ቦታ ታጥፎ የለሰለሰ ወረቀት ነው። 08:10 ይላል። የእኔው በረራ ነው።

«እማማ፣ ይህ የፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከዐሥር ማለት ነው፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ። እኔም የምሄደው በዚሁ አውሮፕላን ነው።»

ወረቀቱን መልሰው አዩት። «ልጄም በስልክ ጠዋት ነው ብላኝ ነበር። ወረቀቱ ስምንት ሲል ግን ወረቀቱን አመንኩ። ሰው ይሳሳታል፤ ወረቀት ይሳሳታል?»

እዚህ ላይ ወላጆቻችሁን ለብቻቸው አውሮፕላን ላይ የምታሳፍሩ ልጆች ስሙኝ። የኳታርና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ነው፤ ሁለቱም ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ይቀድማሉ። ስለዚህ ልዩነቱ አቆጣጠር ላይ ብቻ ነው፤ ያ የስድስት ሰዓት ልዩነት ግን አንዲት እናት ሌሊቱን ሙሉ ነቅታ እንድታነጋ ያደርጋል። የባሰም አለ። ወረቀቱ 02:10 ቢል ኖሮ «ሁለት ሰዓት፣ ጠዋት ነው» ብለው በተኙበት አውሮፕላኑ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይነሣ ነበር። በስልክ መንገር አይበቃም። በትልልቅ ፊደል፣ በአማርኛ፣ በእጃችሁ ጻፉላቸው፤ ዶሃ የሚደርሱት ማታ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የሚነሡት ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ይሁን በኋላ። ወረቀቱን ፓስፖርታቸው ውስጥ አድርጉት። ሦስት መስመር ጽሑፍ ነው።

ከዚያ እኔ ራሴ ስሕተት ሠራሁ። የክፍሉን ስም ከእንግሊዝኛው እንዳለ መለስኩና «ይነሡ፣ እማማ፣ ወደ ጸጥታ ክፍል እንሂድ» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። እጄን ለቀቁ። «ምን አጠፋሁ ልጄ? ወረቀቴ ሁሉ ሙሉ ነው» አሉና ፓስፖርታቸውን፣ የልጃቸውን ደብዳቤ፣ የሐኪም ወረቀት ሳይቀር እያወጡ ጭናቸው ላይ ይደረድሩ ጀመር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በእኛ ቋንቋ ጸጥታ የሚለው ቃል መለዮ የለበሰ ሰው እንደሚያመጣ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። አጠገባቸው ተንበርክኬ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየሰበሰብኩ «የሴቶች ማረፊያ ነው፤ እግርዎን ዘርግተው የሚተኙበት ነው» እያልኩ እስኪረጋጉ ቆየሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁሉ «የሴቶች ማረፊያ» የምለው ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ነው።

«ስንት ይከፈላል?» አሉኝ ስንሄድ።

«ምንም።»

ጥቂት ከተራመድን በኋላ ቆሙ። «ልጄ፣ ዶላር ይዣለሁ፤ አትደብቂኝ።»

«እውነቴን ነው እማማ፣ በነፃ ነው።»

መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት ወሰድኳቸው፤ ፊታቸውንና እግራቸውን ታጠቡ። ክፍሉ ሞልቶ ስለነበር የእኔን ወንበር ሰጠኋቸው። አይሆንም አሉ፤ ሹክሹክታችን የሰው እንቅልፍ እንዳይረብሽ ክርክሩን በእጅ ምልክት ቀጠልን፤ በመጨረሻ ተቀመጡ። ጫማቸውን ሳወልቅላቸው የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጥልቅ መስመር አስምሮ ነበር። ጋቢዬን ከእግራቸው ጀምሬ እስከ ትከሻቸው አለበስኳቸው። ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱና «የእጅ ፈትል ነው» አሉ። ነጠላቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። ከቦርሳቸው ደግሞ በላስቲክ የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ አወጡ። እኔ እንድበላ ነው እንጂ እሳቸው አይቀምሱም፤ የነነዌ ጾም ነው፣ እኩለ ሌሊትም አልፏል። «መንገደኛ አይደሉም እንዴ?» ብላቸው «ዮናስስ መንገደኛ አልነበረም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔም ቆሎውን ቋጥሬ አስቀመጥኩት።

አምስት ደቂቃ አልቆዩም። ቦርሳቸውን የያዘው እጅ መጀመሪያ ላላ፣ ከዚያ ተከፈተ፣ ከዚያ ወደ ጎን ወደቀ። አፋቸውን በትንሹ ከፍተው እንደ ሕፃን ተኙ። የስልኬን ደወል በንዝረት ብቻ አድርጌ ለሌሊት 11 ሰዓት ሞላሁትና ከወንበሩ ሥር ነጠላውን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ወደ 9 ሰዓት ግድም ፊሊፒናዊቷ ለበረራዋ ስትነሣ አየችኝ። ሻርፗን ከሻንጣዋ ፈታ፣ ወንበሯን በእጇ ጠቁማኝ፣ በጣቷ አፏን ዘግታ ፈገግ ብላ ወጣች። ሁለት ሰዓት ያህል ተኛሁ።

ክፍሉ ውስጥ ካየሁት አንድ የምለምናችሁ ነገር ቢኖር ስልክን ነው። አንዲት እህት ድምፁን ከፍታ በቪዲዮ ስታወራ አሥራ አምስት ሴት አነቃች። የሌላው እንቅልፍ በእያንዳንዳችን እጅ ነው፤ ለማውራት ደጁ ቅርብ ነው። ትኬት ለሚሸጡ ሰዎች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ፦ የሌለ ሆቴል ከመስጠት ያለውን ክፍል ንገሩ። ለደንበኛችሁ «ኳየት ሩም ብለሽ ጠይቂ» ማለት ምንም አያስወጣችሁም።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስነሣ እማማ ቀድመውኝ ተነሥተዋል። ጋቢዬን አጥፈውት ነበር። እኔ እንደ ፎጣ ነው የማጥፈው፤ እሳቸው ጥለቱን ወደ ውስጥ፣ ጫፉን ከጫፍ አገናኝተው፣ ትንሽ አራት ማዕዘን አድርገው ቦርሳዬ ላይ አስቀምጠውታል። ያን ያህል ትንሽ እንደሚሆን አላውቅም ነበር፤ አሁን እኔም እንደዚያው ነው የማጥፈው። ለጉዞ ዕቃ ሲታሸግ ይህም ዋጋ አለው።

ጸሎት ማድረስ ፈለጉ። ወንበር በሞላበት አዳራሽ መሐል እንዲቆሙ ስላልፈለግሁ ወደ አትክልት ስፍራው ወሰድኳቸው። በጎርጎርዮሳዊው 2022 የተከፈተ፣ ስድስት ሺህ ካሬ ሜትር የሚሰፋ፣ ከሦስት መቶ በላይ ዛፎች ያሉበት ቦታ ነው፤ በመስታወት ጣራ ሥር የበቀለ ጫካ ማለት ነው። ውሃው ይንፎለፎላል። እማማ መግቢያው ላይ ቆመው ወደ ላይ ተመለከቱ። «ቤት ውስጥ ነው?» አሉ። አንዱን ቅጠል በጣታቸው ነክተው ሕያው መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ «ምሥራቅ በየት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በስልኬ አቅጣጫ ጠቋሚ ፈልጌ አሳየኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደዚያ ዞሩ፤ ቆመው፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ ረጅም ጊዜ ጸለዩ። ሻንጣ የሚጎትቱ ሰዎች ድምፃቸውን ቀንሰው በዳር በዳር አለፉ። የመስታወቱ ጣራ ጥቁር የነበረው ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊ ሄደ።

እስከ መሳፈሪያው በር ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ ቀደም ብለን ተነሣን፤ በየመሐሉ እያረፉ ነው የተራመዱት። አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበራችን ተራርቆ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ከ10 ሲሆን ከአምስት ረድፍ ፊት ዞር ብለው የእጃቸውን ሰዓት በጣታቸው መታ መታ አድርገው አሳዩኝ።

ቦሌ ቀን 6 ሰዓት ላይ ደረስን። ሻንጣቸውን ከተሽከርካሪው ላይ አውርጄ እየገፋሁ አብሬ ወጣሁ። ደጅ ላይ የሚጠብቃቸው ቤተ ሰብ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ይሆናል፤ እልልታው ከመኪና ማቆሚያው ድረስ ይሰማል። ሁሉም እየተሻሙ ሲስሟቸው እኔ ጋሪውን አቁሜ ዞር ልል ስል እማማ በሰው መሐል እጃቸውን ሰደው ክንዴን ያዙ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ፤ ወደ ልጆቻቸው ዞሩና፣ «ይቺን ሳሟት። ይቺ ናት ያስተኛችኝ።»